ላረጀች መኪና የተራዘመ ዋስትና መግዛት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። መኪናዬ ከተሠራች 11 ዓመት የሆናት ሲሆን 168,000 ኪሎ ሜትር ተጉዛለች። ከ4 ዓመት በፊት ያገለገለች ሆና ነው የገዛኋት፤ እስካሁን ከጥቃቅን ጥገና በቀር ብዙም አላስቸገረችኝም። የፋብሪካ ዋስትናዋ ካበቃ ቆይቷል። በቅርቡ አንድ ድርጅት ለ3 ዓመት የሚያገለግል የተራዘመ ዋስትና እንድገዛ አግባብቶኝ የውሉን ቅጂ ልኮልኛል። ክፍያው መኪናዋን ዛሬ ብሸጣት ከማገኘው ገንዘብ አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። ውሉ «በሞተር፣ በካምቢዮና በዲፈረንሻል ውስጥ የሚገኙ፣ በዘይት የሚለሰልሱ ክፍሎችን ይሸፍናል» ይላል። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልፈረምኩ ዋጋው እንደሚጨምርም ተነግሮኛል። ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ድንገት ቢበላሽ በአንድ ጊዜ አውጥቼ የማሠራበት ገንዘብ ስለሌለኝ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል። የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ ያለኝ ግን የመጨረሻዎቹ 2 ዓመታት ብቻ ነው። ልፈርም ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጉዳይዎን በዝርዝር ስለጻፉልን እናመሰግናለን። በዚህ ውል ላይ እንዳለ እንዳይፈርሙ እመክርዎታለሁ። ዋናው ምክንያቴ የመኪናዋ ዕድሜም ሆነ የክፍያው መጠን አይደለም፤ ራስዎ በደብዳቤዎ የጠቀሷት አንዲት ሐረግ ናት።

«በዘይት የሚለሰልሱ ክፍሎች» የሚለውን ሲያነቡት ሞተሩን በሙሉ የሚሸፍን ይመስላል። በተግባር ግን የሚሸፍነው ዘይት ውስጥ የሚሠሩትን ብረቶች ብቻ ነው፤ ማለትም ፒስተንን፣ ክራንክ ሻፍትን፣ ኩሽኔታዎችን፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ጥርሶችን። ራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ሴንሰሮች፣ የሞተሩ ኮምፒውተር፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ሾክ አብዞርበርና የመሪ ክፍሎች በሙሉ ከሐረጉ ውጭ ይቀራሉ። ዘይት የሚያፈስ ጓርኒሲዮንም ቢሆን በስሙ ካልተጠቀሰ አይካተትም። የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ጎማና ባትሪ ደግሞ በአገልግሎት ብዛት የሚያልቁ ስለሆኑ እንዲህ ያለ ውል ጨርሶ አይነካቸውም። ይህን ያህል በተጓዘች መኪና ላይ ባለቤቱን ጋራዥ የሚያመላልሱት ግን በአብዛኛው እነዚሁ ከውሉ ውጭ የቀሩት ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ የሚገዙት ዋስትና የሚጠብቀው ዘይቱ በወቅቱ ከተቀየረለት ብዙ ዘመን የሚያገለግለውን የሞተሩን ክፍል ነው።

ያ ክፍል ሲበላሽስ? ውስጠኛው ብረት ያለ ጊዜው የሚበላው ብዙውን ጊዜ ዘይት ሲጎድል፣ ዘይት ሳይቀየር ሲቆይ ወይም ሞተሩ ሲፈላ ነው፤ ሦስቱንም አብዛኞቹ ውሎች «ቸልተኝነት» ወይም «ባልተሸፈነ ክፍል ሰበብ የደረሰ ጉዳት» በሚል ስም ያስቀሯቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ የቅርብ ዘመዴ መኪና የራዲያተሯ ቱቦ ተሰንጥቆ ውሃዋ አለቀና ፈላች። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ መካኒኩ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋደመበትና ከሥሩ ቀጭን የመለኪያ ብረት ሲያስገባ ያለ ምንም ችግር አለፈለት። ቴስታታው ተጣሟል። የዋስትና ውሉ ቴስታታን በስም ይጠቅስ ስለነበር ዘመዴ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ሆኖም ድርጅቱ መነሻው ራዲያተሩ መሆኑን፣ ራዲያተር ደግሞ በውሉ አለመካተቱን ጠቅሶ ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። ከሁሉ ያሳዘነኝ ሞተሩ ተፈትቶ እስኪመረመር ድረስ የወጣውን የእጅ ዋጋ ጭምር ራሱ መክፈሉ ነው። እንዲህ ያሉ ውሎች ብልሽቱ የተሸፈነ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የመፍታቱን ወጪ ባለመኪናው እንዲችል ያስገድዳሉና ይህን አንቀጽ ሳያነቡ ማንም እንዳይፈርም አደራ እላለሁ።

የደረሰኙ ጉዳይ ደግሞ እርስዎን በቀጥታ ይመለከታል። ድርጅቱ የካሳ ጥያቄ ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚጠይቀው የጥገና ማስረጃ ነው፤ ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ የያዘ የዘይትና የፊልትሮ ቅያሪ ደረሰኝ ማለት ነው። የ2 ዓመት ደረሰኝ ያለው ሰው፣ ጉዳቱ ከዚያ በፊት የጀመረ ነው ቢባል የሚከራከርበት ወረቀት የለውም። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የነበረ ብልሽት ስለማይሸፈን ይህ ክፍተት ቀላል አይደለም። የብዙ ድርጅቶች ውል ከፊርማ በኋላ 30 ቀንና 1,600 ኪሎ ሜትር እስኪያልፍ ምንም ጥያቄ የማይቀበለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የገንዘቡን ስሌት በአጭሩ ላንሣ። ዋስትና ሻጩ ከደንበኞቹ ከሚሰበስበው ገንዘብ ላይ የአሻሻጭ ኮሚሽን፣ የአስተዳደር ወጪና ትርፍ ስለሚያነሣ፣ በጥገና መልክ የሚመለሰው በአማካይ ከተከፈለው ያነሰ መሆኑ የግድ ነው። በዚያ ላይ የካሳው ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ብልሽቱ በደረሰበት ዕለት መኪናዋ የምታወጣው ዋጋ ነው፤ እርስዎ የከፈሉት ግን ባለበት ይቆያል፣ የመኪናዋ ዋጋ በ3 ዓመት ውስጥ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ጥገና ላይ ባለመኪናው ከኪሱ የሚጨምረው ድርሻም አለ።

ታዲያ ስጋትዎን እንዴት ያቃልሉ? በእኔ ግምት ለዋስትናው ካሰቡት ገንዘብ የመጀመሪያው ድርሻ ለታይሚንግ ቺንጊያው፣ ማለትም የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር ለሚያቀናጀው ቀበቶ፣ መዋል አለበት። የእርስዎ ሞተር በካቴና ሳይሆን በቺንጊያ የሚሠራ ከሆነ፣ አምራቾች እንደ ሞተሩ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ90,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲቀየር ያዛሉ፤ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም የዓመት ገደብ አለው። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለዎት እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጊያው ሲበጠስ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፤ እንቅልፍ የነሣዎት ብልሽት የሚመጣው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል፣ ቺንጊያው ደግሞ በውሉ የሚያልቅ ዕቃ ተብሎ የሚታለፍ ነው። የውሃ ፓምፑ ከዚሁ ቺንጊያ ጋር የሚዞር ከሆነ አብረው ያስቀይሩት፤ የመፍታቱ ሥራ ያው አንድ ስለሆነ የእጅ ዋጋው ብዙም አይጨምርም።

ቀጥሎ፣ ዋስትና ከሚሸጥልዎ ድርጅት ጋር ግንኙነት የሌለው መካኒክ የሲሊንደሮቹን ግፊት ይለካ፣ በኮምፒውተር የተመዘገቡ ስህተቶችን ያንብብ፣ የካምቢዮ ዘይቱን ቀለምና ሽታ ይይ። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት የሚጠቁመው ችግር ከተገኘ፣ ያ ችግር አስቀድሞ የነበረ ስለሆነ ዋስትናውም አይሸፍንልዎትም። ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ደግሞ የቀረውን ገንዘብ በተለየ የቁጠባ ሒሳብ ያስቀምጡና በየወሩ ይጨምሩበት። ራዲያተርም ይበላሽ ሞተሪኖ ይህ ገንዘብ ይሠራል፤ መኪናዋ ካልተበላሸችም የእርስዎ ሆኖ ይቀራል።

ዋስትና መግዛት ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። መኪናዋ የእንጀራ ገመድዎ ከሆነችና ቁጠባው እስኪጠራቀም መጠበቅ ካልቻሉ፣ የሚሸፍነውን ሳይሆን የማይሸፍነውን በስም የሚዘረዝር፣ ያልተጠቀሰውን ሁሉ የሚያካትት ውል ይፈልጉ። ድርጅቱ መኪናዋን ከፊርማው በፊት መርምሮ ውጤቱን ከውሉ ጋር ያያይዝ፤ «ቀድሞ የነበረ ብልሽት ነው» የሚለውን ክርክር በአብዛኛው የሚያስቀረው ይህ ነው። ሻጩ ድርጅት ቢዘጋ የካሳው ከፋይ ማን እንደሆነ፣ የመረጡት ጋራዥ ተቀባይነት እንዳለውና ውሉን ቢያቋርጡ ላልተጠቀሙበት ጊዜ ገንዘብ እንደሚመለስልዎ በጽሑፍ ይረጋገጥ።

የሳምንቱ መጨረሻ ቀነ ገደብ አያስጨንቅዎ፤ የ3 ዓመት ግዴታ የሚገባ ሰው ውሉን ተረጋግቶ የማንበብ መብት አለው። እስከዚያው ለድርጅቱ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ይላኩ፦ የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶ ሞተሩ ቢፈላና ቴስታታው ቢጣመም የቴስታታውን ጥገና ትከፍላላችሁን? መልሱን በጽሑፍ ካልሰጡዎት፣ ወይም «አንከፍልም» ካሉዎት፣ ቺንጊያውን ወደሚቀይርልዎ ጋራዥ ይሂዱ።