ሊኬሩ መቼ ይግባ? ስለ ክሬም ሊኬር ጣፋጮች ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የተመረጡት ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጠርሙስ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው። ክሬምና አልኮል የተዋሃዱባቸው ጣፋጭ መጠጦች፣ ማለትም ቤይሊስ፣ አማሩላና መሰሎቻቸው፣ በስጦታ መልክ ወደየቤቱ መግባታቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ አሁን ግን ብዙዎች በመለኪያ ከመቅዳት አልፈው ኬክና አይስክሬም ውስጥ መጨመር ጀምረዋል፤ ችግሩም አብሮ መጥቷል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከውጭ ስትመጣ ይዛልኝ በመጣችው ቤይሊስ ለባለቤቴ የልደት ኬክ የቸኮሌት ጋናሽ (ከቸኮሌትና ከክሬም የሚሠራ የኬክ ሽፋን) ልሠራ ሞከርኩ። ሊኬሩን ከክሬሙ ጋር አፍልቼ በተከተፈው ቸኮሌት ላይ ሳፈስሰው ግን ድብልቁ አሸዋ አሸዋ የሚል ሆነ፤ ዳር ዳሩንም ዘይት ተፋ። ጥፋቱ ምን ላይ ነው? (አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥፋቱ ሊኬሩን ማፍላትዎ ነው። ክሬም ሊኬር በባሕርያቸው አብረው መኖር የማይፈልጉ ነገሮች ተገድደው የተዋሃዱበት መጠጥ ነው። የወተቱ ስብ በከፍተኛ ግፊት እጅግ ደቃቅ እስኪሆን ድረስ ተበታትኖና በወተት ፕሮቲን ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ፣ ጠርሙሱ ለወራት ቢቆም እንኳ ክሬሙ ከላይ አይሰፍርም። እ.ኤ.አ. በ1974 አየርላንድ ውስጥ ቤይሊስ ለገበያ ሲቀርብ፣ አዘጋጆቹን ከሁሉ በላይ ያለፋቸው ጉዳይ ክሬሙንና ውስኪውን ሳይለያዩ ማቆየት ነበር። ይህን ውህደት ምድጃ ላይ ጥደው ሲያንተከትኩት አልኮሉ ይተናል፣ ስቡም ይላላል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ በቀላሉ ከሚለያይ ቸኮሌት ጋር ሲገናኝ ውጤቱ እርስዎ ያዩት ይሆናል።

ሁለተኛው ነጥብ ሒሳብ ነው፤ ከዚህ በታች ላሉት መልሶች ሁሉ መሠረት ስለሆነ ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ። 100 ሚሊ ሊትር ቤይሊስ ውስጥ 17 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል፣ ወደ 20 ግራም ስኳርና ወደ 13 ግራም ስብ አለ። ስለዚህ ሊኬሩን እንደ ቫኒላ ሽታ ብቻ የሚሰጥ ማጣፈጫ ማየት ተገቢ አይደለም፤ ክሬምም ስኳርም ፈሳሽም ስለሆነ፣ በገባ ቁጥር ከእነዚህ ሦስቱ ተመጣጣኝ መጠን መቀነስ አለበት።

በዚህ መሠረት 60 በመቶ ገደማ ካካዎ ላለው 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ በተለመደው 200 ሚሊ ሊትር ክሬም ምትክ 140 ሚሊ ሊትር ክሬምና 60 ሚሊ ሊትር ሊኬር ይውሰዱ። ክሬሙን ብቻውን ያሙቁት፤ በድስቱ ዳር ትናንሽ አረፋዎች ብቅ ብቅ ሲሉ አውጥተው በደቃቁ በተከተፈው ቸኮሌት ላይ ያፍስሱትና ለሁለት ደቂቃ ሳይነኩት ይተዉት። ከዚያ በማንኪያ ከመሀል ጀምረው በትንንሽ ክብ ማማሰል ይጀምሩ፤ መሀሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ክብ ሲታይ ክቡን ቀስ በቀስ ወደ ዳር ያስፉት። ጎድጓዳ ሳህኑን በእጅዎ ሲነኩት ለብ ያለ ብቻ ሆኖ ሲገኝ፣ ማለትም ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ፣ ሊኬሩን በሦስት ጊዜ ከፍለው ይጨምሩ። ሊኬሩ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ሳይሆን በክፍሉ ሙቀት የዋለ ይሁን፤ ብርዱ ቸኮሌቱን በድንገት ያደርቀዋል። ዘይት የተፋውንም አይድፉት፤ አንድ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት ጨምረው ከመሀል እያማሰሉ ሲመልሱት አብዛኛውን ጊዜ ይሰበሰባል።

ጥያቄ፦ ለእንግዶች በሠራሁት ቺዝ ኬክ ውስጥ አንድ ሙሉ ኩባያ ቤይሊስ ጨመርኩ። ዳሩ በስሎ መሀሉ ግን ፍሪጅ ውስጥ አድሮም ገንፎ እንደሆነ ቀረ። (አንድ አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አንድ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ነው። ከላይ ባለው ሒሳብ መሠረት ከተለመደው መመሪያ በላይ 48 ግራም ያህል ስኳርና 40 ሚሊ ሊትር ያህል አልኮል ጨምረዋል ማለት ነው፤ ያን ሁሉ ፈሳሽ አራት እንቁላል ሊያረጋው አይችልም።

እርስዎ ባሉበት አገር በስምንት አውንስ እሽግ የሚሸጠውን ክሬም ቺዝ አራት እሽግ፣ ማለትም 900 ግራም ያህል ከወሰዱ፣ ከ120 ሚሊ ሊትር የበለጠ ሊኬር አይጨምሩ፤ የጨመሩትን ያህልም ከሳወር ክሬሙ (ከኮምጣጣው ክሬም) ይቀንሱ። መመሪያው 200 ግራም ስኳር የሚል ከሆነ 175 ግራም ይበቃል። ሊኬሩ የሚገባው በመጨረሻ፣ እንቁላሎቹ አንድ በአንድ ከተዋሃዱ በኋላ ነው። ፎርማውን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልለው ሙቅ ውኃ በያዘ ትሪ ላይ ያስቀምጡና በ160 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ሰዓት ያህል ይጋግሩት። ፎርማውን ነቅነቅ ሲያደርጉት ዳሩ ጸንቶ መሀሉ በትንሹ ቢርገበገብ ደርሷል፤ ቴርሞሜትር ካለዎት መሀሉ 65 እና 68 ዲግሪ መካከል ላይ ሲደርስ ያውጡት። አዲስ አበባ ላይ ለሚጋግሩ አንባቢያን ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ በከተማዋ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ከፎርማው ሥር ያለው ውኃ ከባሕር ጠለል አጠገብ ካለው የቀዘቀዘ ይሆናል፤ ስለዚህ የጊዜውን መርዘም መታገሥ እንጂ እሳቱን መጨመር አይገባም።

ጥያቄ፦ በአማሩላ የሠራሁት አይስክሬም ሁለት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ቆይቶም አልጠነከረም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ንጹሕ አልኮል የሚረጋው ከዜሮ በታች 114 ዲግሪ ላይ ነው፤ የቤት ፍሪዘር ግን የሚቀዘቅዘው እስከ 18 ከዜሮ በታች ብቻ ነው። አማሩላም እንደ ቤይሊስ 17 በመቶ አልኮል አለው። ለአንድ ሊትር ድብልቅ 100 ሚሊ ሊትር ቢገባ አይስክሬሙ ለስላሳና በማንኪያ በቀላሉ የሚወጣ ይሆናል፤ እጥፍ ሲደረግ ግን ወፍራም ሾርባ ይሆናል። ጣዕሙን ማጉላት ከፈለጉ አይስክሬሙን ሲያቀርቡ የተረፈውን ሊኬር ከላይ ያፍስሱበት።

ጥያቄ፦ «ሲበስል አልኮሉ ይጠፋል» ይባላል። ልጆች ባሉበት ቤት እንዲህ ያለውን ኬክ ማቅረብ ይቻላል? አማቴም አልኮል ፈጽሞ አይቀምሱም። (ከአዳማ)

መልስ፦ አይጠፋም። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ ከእሳት በወረደ የፈላ ነገር ላይ የተጨመረ አልኮል 85 በመቶው ይቀራል፤ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ለ15 ደቂቃ የበሰለ 40 በመቶው፣ ለአንድ ሰዓት የበሰለ ደግሞ 25 በመቶው ይቀራል። አልኮል የሚፈላው በ78 ዲግሪ ሲሆን ከላይ የተጠቀሰው ቺዝ ኬክ ውስጡ 70 ዲግሪ እንኳ ስለማይደርስ፣ በእኔ ግምት ከዚህም የሚበልጥ ይቀርበታል። ጋናሽና አይስክሬም ላይማ ሊኬሩ እሳት ስለማያይ ከሞላ ጎደል ሙሉው አለ።

መጠኑ በአንድ ቁራሽ ሲሰላ ትንሽ ነው፤ 120 ሚሊ ሊትር የገባበት ኬክ ለ12 ሰው ቢቆረስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 10 ሚሊ ሊትር ሊኬር ነው። ነገር ግን በእምነት፣ በሕክምና ወይም በእርግዝና ምክንያት የማይቀምስ ሰው «ትንሽ ነው» መባሉ አይጠቅመውም። ስለዚህ ለአማትዎ ሳይጠየቁ አስቀድመው ይንገሩ። ከዚያ የተሻለው መንገድ ደግሞ ድብልቁን ሊኬሩ ከመግባቱ በፊት ለሁለት መክፈል ነው፤ በአንደኛው ውስጥ የሊኬሩን ያህል ክሬም፣ አንድ ማንኪያ ወፍራም የጀበና ቡና፣ ካካዎና ቫኒላ ቢጨምሩ ጣዕሙ ከቤይሊሱ ብዙም አይርቅም። እንዲያውም ለእኔ ምላስ ቡና ያለበቱ ይበልጣል። ወተት ስላለባቸው ግን ሁለቱም ለጾም አይሆኑም።

ጥያቄ፦ በሊኬሩ ላይ የፓሽን ፍሩት ጭማቂ ጨምሬ ክሬም ልሠራ ስል አይብ አይብ መሰለ። የተረፈውን ጠርሙስስ እስከ መቼ ላቆየው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አሲድ የወተቱን ፕሮቲን ስለሚያረጋው ከፓሽን ፍሩት፣ ከሎሚና ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ሊኬሩን በቀጥታ አይቀላቅሉት። የፍራፍሬውን ጣዕም ከፈለጉ ጭማቂውን በስኳር አወፍረው፣ አቀዝቅዘው፣ የረጋው ክሬም ላይ እንደ ሽፋን ያፍስሱት። የቤይሊስ አምራች ጠርሙሱ ቢከፈትም ባይከፈትም ከ0 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ቦታ ከተቀመጠ ከተመረተበት ቀን አንሥቶ ለሁለት ዓመት እንደሚቆይ ይገልጻል፤ የድሬዳዋ ሙቀት ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ስለሚያልፍ የእርስዎን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት። በኮንደንስድ ወተትና በውስኪ ቤት ውስጥ የሚዘጋጀው ግን የፋብሪካው ጥበቃ ስለሌለው ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከአንድ ሳምንት በላይ አይቆይ፤ ከመጠቀምዎ በፊት በብርጭቆ ቀድተው ይመልከቱት፣ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ፍርፋሪ ከታየ ይድፉት።