አሰልጣኝ ለመሆን ለምትማሩ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት የሁለተኛ ዓመት የስፖርት ሳይንስ ተማሪ «እኔ ሯጭ አልነበርኩም፤ ተምሬ ብቻ አሰልጣኝ መሆን እችላለሁ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። በደንብ ትችያለሽ አልኳት። በቆጂ ላይ እነ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ከልጅነታቸው ያሰለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ የነበሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬም ሃንጋሪ ሄደው የተማሩ ሰው ነበሩ።

ጥያቄዋ ግን ከመለስኩላት በኋላም አልለቀቀኝም። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ተመርቄ አንድ ክለብ ምክትል አሰልጣኝ ሆኜ ስቀጠር፣ ከአሰልጣኞቹ መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጆቹ ከልምምድ በኋላ ክፍሌ ይመጣሉ። ፀጉር እንሠራራለን፣ ስለ ቤተሰብ እናወራለን። ከአርሲ የመጣች የ5,000 ሜትር ሯጭ ነበረች። አንድ ማታ «ወር አበባዬ ከቀረ ቆየ፤ አሁን ገና ነው አቋሜ የተስተካከለው» አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። ሌሎቹም «እኔም፣ እኔም» አሉ። በክለቡ የሚታመነው እንደዚያ ነበር። ከከሳሽ፣ ፔሬድሽ ከቀረና ሰዓትሽ ከተሻሻለ ደህና ነሽ።

ለዋናው አሰልጣኝ ነገርኩት። ዓይኔን ማየት አፍሮ «እሱ የእናንተ የሴቶች ጉዳይ ነው» አለኝ። ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ውድድሩ ይለፍና እናየዋለን ተባልኩ። ልጅቷን ቅልጥሟ ላይ ያማት ጀመር። መጀመሪያ ሰውነቷ ሲሟሟቅ ይተዋት ነበር። በኋላ ተኝታም ያማታል። ቅባት ቀቧት፣ በፋሻ አሰሩላት፣ ሮጠች። ውድድሩ ሳያልቅ መሮጫው ላይ ተቀመጠች። ራጅ ስትነሳ አጥንቷ ተሰንጥቋል።

ክለቡ ውሏን አላደሰላትም። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋት። ስንለያይ እናቷ የላኩላትን በሶ አውጥታ ሰጠችኝ። አልተነካም። ኪሎ እጨምራለሁ ብላ ፈርታ ነው ያልበላችው።

ነገሩ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። የሚበላው ልምምዱ ከሚያወጣው ጉልበት ሲያንስ ሰውነት መቆጠብ ይጀምራል። ለጊዜው ሊተወው የሚችለውን ሥራ ያቆማል፤ ወር አበባ አንዱ ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፣ አጥንት ይሳሳል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ችግር የራሱ መጠሪያ ሰጥቶታል፤ ወንዶችንም እንደሚነካ ገልጿል።

እኛ አገር ደግሞ ጾም አለ። እኔም እጾማለሁ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ረጅም ሩጫ ሮጣ እስከ 9 ሰዓት እህል የማትቀምስ ልጅ አለች። ጹሚ ወይም አትጹሚ ማለት የአሰልጣኝ ሥራ አይመስለኝም። ልምምዱን ወደ መብያዋ ሰዓት ማስጠጋት፣ ሽሮውና ምስሩ በርከት እንዲል፣ ለውዝ እንዲጨመር ማድረግ ግን ሥራችን ነው።

ስለ ትጋትና ስለ ሰዓት ማክበር አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። እናንተ የዛሬ ልጆች የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አስራችሁ ትወጣላችሁ። እኛ ያንን አላገኘንም፤ እናንተ በማግኘታችሁ ደስ ይለኛል። ግን ሱሉልታ ላይ ሳያችሁ ዓይናችሁ ስልክ ላይ ነው። ልጅቷ እያነከሰች በአጠገባችሁ ስታልፍ አታዩም። ያ ዋና አሰልጣኝ እኮ ማን እንደደከመ በኮቴ ድምፅ ብቻ ይለይ ነበር። በዚያች ልጅ ነገር እስከ ዛሬ አልታረቅኩትም፤ ሯጭን አስተውዬ እንዳይ ዓይኔን የከፈተልኝ ግን እሱ ነው። ያልተማሩትን አሰልጣኞች አትናቋቸው።

ለመመረቂያ ጥናታችሁ ርዕስ ካጣችሁ ግን እነሆ። የሰው ወረቀት አትገልብጡ፤ አቅራቢያችሁ ያለ ክለብ ሂዱ። አስፈቅዳችሁ፣ ስም ሳትጽፉ፣ ሴቶቹን ጠይቁ። ወር አበባሽ መቼ መጣ? ከልምምድ በኋላ ምን በላሽ? የት ያምሻል? ወንዶች ከሆናችሁ የክፍል ጓደኛችሁን ሴቷን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለናንተ አይናገሩም። ለዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ትጽፋላችሁ። ለክለቡ አሰልጣኝ ደግሞ ያገኛችሁትን በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በእጁ ስጡት።