ከሌዘሩ በፊት ስለ ኪኒኑ ጠይቁ

ለወጣት ሐኪሞችና ነርሶች፣

ሥራ ስጀምር ያደገ የፕሮስቴት ዕጢ በሽንት ቧንቧ በሚገባ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየተላጠ ይወጣ ነበር። ዛሬ በሌዘር ይተናል፤ ወይም ከሽፋኑ ተፈልቅቆ ወደ ፊኛ ከተገፋ በኋላ ተፈጭቶ ይወጣል። ስለ መሣሪያው የሚያስተምራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የምጽፍላችሁ መሣሪያው ከመብራቱ በፊት መጠየቅ ስላለበት ጥያቄ ነው፤ እኚህ ሰው እስከ ዛሬ ምን ሲወስዱ ቆዩ?

አብዛኞቹ ወደ ሌዘር የሚመጡ ሕመምተኞች ለዓመታት ኪኒን ሲውጡ የኖሩ ናቸው። ኪኒኑም ዕጢውን፣ ደማቸውንና የምርመራ ውጤታቸውን ለውጦ ይቆያል።

ለፕሮስቴት ከሚታዘዙት ኪኒኖች ታምሱሎሲንና ዘመዶቹ የፕሮስቴቱንና የፊኛውን አንገት ጡንቻ ያላላሉ እንጂ ዕጢውን አያሳንሱም። ስለዚህ በሌዘሩ ሥራ ላይ የሚያመጡት ለውጥ እምብዛም ነው። የደም ግፊትን ዝቅ ስለሚያደርጉ ግን የማደንዘዣ ባለሙያው ሊያውቃቸው ይገባል። ከእኛ ክፍል ውጭ የሆነ አንድ ነገርም ልጨምር፤ ታምሱሎሲን የሚወስድ ሰው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ካለው ለዓይን ሐኪሙ ይንገር። መድኃኒቱ የዓይኑን ብሌን ዙሪያ ልል ስለሚያደርገው ቀዶ ሕክምናውን ያስቸግራል፤ ቀደም ብሎ ማቆሙም ሁልጊዜ አያድነውም።

ፊናስተራይድና ዱታስተራይድ የተለዩ ናቸው። ቴስቶስትሮን ዕጢውን ወደሚያሳድገው ብርቱ ሆርሞን እንዳይለወጥ ያግዳሉ፤ በወራት ውስጥም የዕጢው መጠን በአንድ አምስተኛ ወይም በአንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከኪኒኑ በፊት በተነሣ አልትራሳውንድ ቀዶ ሕክምና አታቅዱ፤ እንደገና ለኩ። ከመጠኑ በተጨማሪ በዕጢው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይመነምናሉ፤ በሽቦ በምንልጥበት ዘመን ይህ ደም መፍሰስን ስለሚቀንስ እንወደው ነበር።

በሌዘር ዘመን ስለ እነዚህ ኪኒኖች ክርክር የተነሣውም ከዚሁ ነው። 532 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን አረንጓዴ ሌዘር የሚውጠው በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው። ደሙ ያነሰ ዕጢ ጨረሩን በደንብ ላይውጥ፣ በደንብም ላይተን ይችላል የሚል ስጋት ነበር። አስተሳሰቡ ትክክል ይመስላል። በተግባር ግን ኪኒኑን የወሰዱና ያልወሰዱ ሕመምተኞች ሲነጻጸሩ፣ በሽንት ፍሰታቸውም ሆነ በምልክቶቻቸው መሻሻል ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። 2,100 ናኖሜትር ገደማ ያለው የሆልሚየም ሌዘር ደግሞ በውኃ የሚዋጥ ስለሆነ የደም ሥሩ ማነስ ያን ያህል አይመለከተውም። ለረጅም ጊዜ ፊናስተራይድ በወሰዱ ሰዎች ላይ ዕጢው ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ለመፈልቀቅ ያስቸግራል የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ እኔም አንዳንድ ጊዜ እጄ ላይ ተሰምቶኛል። ይህ ግን ታግሦ ለመሥራት ምክንያት ይሆናል እንጂ ሕመምተኛውን ለመመለስ አይበቃም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ ሊነሣችሁ የሚገባው የፒኤስኤ ምርመራ ነው፤ ይህም ከፕሮስቴቱ ወደ ደም የሚገባውን ፕሮቲን የሚለካ፣ ከፍ ሲል ካንሰርን የሚያስጠረጥር ምርመራ ነው። ፊናስተራይድን ወይም ዱታስተራይድን ለስድስት ወር፣ ለዓመት የወሰደ ሰው ፒኤስኤው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ 3 ተብሎ የተጻፈው በእውነቱ 6 ገደማ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኪኒኑን በአግባቡ እየወሰደ ቁጥሩ ከደረሰበት ዝቅተኛ ቦታ መውጣት ከጀመረም፣ ገና በመደበኛው ክልል ውስጥ ነው ብላችሁ አትለፉት። በሌዘር ጊዜ ይህ የበለጠ ይከብዳል። ዕጢው ተፈልቅቆ ሲወጣ ሥጋው ወደ ፓቶሎጂ ይላካል፤ ካንሰር ተደብቆ ከነበረም የመታየት ዕድል አለው። ሲተን ግን የሚመረመር ሥጋ አይተርፍም። ስለዚህ ጥርጣሬው መጣራት ያለበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። ለፀጉር መሳሳት የሚወሰደው 1 ሚሊ ግራም ፊናስተራይድም ፒኤስኤን እንደሚያወርድ አትርሱ። ያንን የሚወስድ ሰው መድኃኒት እንደሚወስድ እንኳ አይቆጥረውም፤ በስሙ ጠይቁት።

ደም ማቅጠኛን በተመለከተ ሌዘር ትልቅ በረከት ነው። የደም ሥሩን እየዘጋ ስለሚሄድ፣ ለሽቦው የማንደፍርባቸውን የልብ ሕመምተኞች ለማከም አስችሎናል። ደም አይፈስም ማለት ግን አይደለም። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሽንታቸው ቀልቶ፣ የረጋ ደም ቧንቧውን ዘግቶባቸው የሚመለሱት ብዙውን ጊዜ እነዚህ ሰዎች ናቸው። አስፕሪን በአብዛኛው ሳይቋረጥ መሥራት ይቻላል። ክሎፒዶግሬልና ዋርፋሪን ይቁሙ ከተባለ አምስት ቀን ያህል ቀድመው ነው፤ አዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ደግሞ እንደ ኩላሊቱ ሁኔታ ሁለት ሦስት ቀን። ውሳኔው ግን የእናንተ ብቻ አይደለም። ስቴንት (የልብን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) በቅርቡ የገባለት ሰው ክሎፒዶግሬሉን ቢያቋርጥ ስቴንቱ ተዘግቶ ሊሞት ይችላል፤ ፕሮስቴቱ ግን ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ገብቶለት ወራት ሊጠብቅ ይችላል። የልብ ሐኪሙን ሳታነጋግሩ «አቁም» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ሕመምተኛውም በራሱ እንዳያቆም አጥብቃችሁ ንገሩት።

ኤምፓግሊፍሎዚንን ወይም ዳፓግሊፍሎዚንን ለስኳር የሚወስዱ ሰዎች ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ቀን በፊት ሊያቆሙ ይገባል። ካልሆነ የስኳር መጠናቸው ብዙም ሳይጨምር ደማቸው በአሲድ ሊመረዝ ይችላል። ሽንቱ በድንገት ተዘግቶበት የመጣን ሰውም ስለ ጉንፋንና ስለ አለርጂ መድኃኒት ጠይቁት። የፊኛውን አንገት የሚያጠብቁ ወይም ፊኛውን የሚያደክሙ አሉባቸውና፣ መዘጋቱን ያመጣው ያ ከሆነ ጥድፊያው ይቀንሳል።

ኪኒን ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ትልቅ ጥናት ዶክሳዞሲንና ፊናስተራይድ አብረው ሲሰጡ ሕመሙ የመባባሱን ዕድል በ66 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። ብዙ ሰው በኪኒን ብቻ በደኅና ይኖራል። የሚያሳዝነኝ ምልክቱ ስለቀለለለት ብቻ ማንም ፊኛውን ሳያይለት ዓመታት የሚያልፉበት ሰው ነው። ፊኛው በጠበበ በር ላይ ሲገፋ ኖሮ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ሌዘሩ በሩን በሚገባ ቢከፍተውም የሚገፋ ጉልበት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ኪኒን ላይ ያለን ሰው በየጊዜው ከሸና በኋላ የሚቀረውን ሽንት ለኩ። መጠኑ እየጨመረ ከሄደ ስለ ቀዶ ሕክምና ለመነጋገር የማዘዣ ወረቀቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ።

አጠያየቃችሁም ቁም ነገር ነው። «አባባ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ስትሏቸው «የለም» የሚሉት ጥያቄውን ስለ ፕሮስቴት ብቻ አድርገው ስለሚሰሙት ነው። የልቡ ሌላ፣ የስኳሩ ሌላ፣ የነጭ ሽንኩርቱ እንክብል ደግሞ ጭራሽ መድኃኒት አይመስላቸውም። እሽጎቹን ሁሉ በከረጢት ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው፤ መቼ እንደጀመሩትና መቼ እንዳቆሙት እያንዳንዱን ጠይቁ፤ ልጃቸው ወይም ባለቤታቸው አብረው ካሉም አዳምጧቸው።

ቀዶ ሕክምናው አልቆ ሲሸኙ ዝርዝሩን እንደገና አውጡት። የፕሮስቴቱ ኪኒን የትኛው እንደቆመ፣ ደም ማቅጠኛው በየትኛው ቀን እንደሚጀመርና በማን ምክር እንደተወሰነ በግልጽ ጽፋችሁ ስጧቸው። ከወራት በኋላ ፒኤስኤ ይለካላቸው፤ ለቀጣዩ ዘመን የሚነጻጸረው ያ አዲስ ቁጥር ስለሆነ፣ ሲለካ ፊናስተራይድ ላይ እንደነበሩ ወይም እንዳልነበሩ አጠገቡ ይጻፍበት።