ጎበዝ ተማሪ ለምን ያዘገያል? ለነርሲንግ መምህርቷ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

መምህርት፣ በክፍል ጎበዝ የሚባሉት የነርሲንግ ተማሪዎችዎ ኬር ፕላናቸውን (ለአንድ ሕመምተኛ የሚጻፈውን የእንክብካቤ ዕቅድ) ዛሬ ነገ እያሉ እስከ መጨረሻው ሌሊት ለምን እንደሚያቆዩት፣ የቡድን የሥነ ልቦና ሕክምናም ይረዳቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ የሥነ አእምሮ ነርስ ስሆን፣ ከአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ስምንት ስምንት ተማሪዎች ያሉባቸውን ቡድኖች መርቻለሁና ያየሁትን ልንገርዎ።

የመጀመሪያውን ቡድን ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ችግሩ የሰዓት አጠቃቀም ነው ብዬ ስላመንሁ፣ ሁለት ስብሰባዎችን የጊዜ ሰሌዳ በማስወጣት ፈጀሁ። ተማሪዎቹ ሰሌዳውን በማስመሪያ አስምረው፣ በሁለት ቀለም አሳምረው አመጡልኝ፤ የተጠቀመበት ግን አልነበረም።

ነገሩ የገባኝ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ደብተሯን በገለጠችልን ጊዜ ነው። ከኬር ፕላኑ አምስት ደረጃዎች የመጀመሪያው፣ የሕመምተኛው አሰስመንት (ስለ ሁኔታው የሚሰበሰበው መረጃ)፣ አራት ጊዜ ተገልብጧል፤ ዳያግኖሲሱ (ችግሩን መለየቱ) ግማሽ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስቱ ደረጃዎች፣ እስከ ኢቫሉዌሽን (ውጤቱን እስከ መመዘን) ድረስ፣ ባዶ ናቸው። ሰነፍ ብትሆን አንዱን ገጽ አራት ጊዜ ባልጻፈችው። የፈራችው በዋርድ ውስጥ በሕመምተኛውና በጓደኞቿ ፊት መታረምን ነበር፤ ያልቀረበ ሥራ ደግሞ አይታረምም። ማዘግየቱ ፍርሃቱን ለጊዜው ስለሚያስታግስላት፣ በሚቀጥለው ኬዝም ያንኑ መድኃኒት ትወስዳለች።

ስለዚህ ደንቡን ለወጥን፦ ሁሉም ያላለቀ ሥራውን እንዳለ ይዞ ይመጣል፣ ሳያርም ያነብባል። ልጅቷ ቀድማ ስታነብ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ቆየት ብሎ አንዱ ልጅ «የኔም እዚያው ነው የቆመው» ብሎ ደብተሩን ከቦርሳው አወጣ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኢርቪን ያሎም ከቡድን ሕክምና ፈዋሽ ነገሮች መካከል የሚቆጥረው ችግሩ የእኔ ብቻ አይደለም የሚለው ግንዛቤ ይህ ነው፤ በግል ምክር እኔ ብናገረው ኖሮ ማጽናኛ ብቻ በመሰላቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ በየስብሰባው ዐሥር ደቂቃ ጽፎ፣ ሳይሰርዙ ለጎን ላለው ማቀበል ልማድ ሆነ።

ከባዱ ክርክር «ነርስ ከተሳሳተች ሰው ይሞታል» የሚለው ነው፤ እውነትም ስለሆነ አላቃለልነውም። ነገር ግን መድኃኒት ስንሰጥ የምናረጋግጣቸው አምስቱ ነገሮች ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ የአሰጣጥ መንገድና ሰዓት እንደሆኑ እነርሱው ቆጠሩ፤ አምስተኛው ላይ፣ ሰዓት ላይ፣ ሲደርሱ ሳቁ። የጽሑፍ ማማር ከአምስቱ ውስጥ የለም። የመድኃኒት መጠን ሲሰላ የሚደረግ ጥንቃቄና የእጅ ጽሑፍ ማሳመር አንድ እንዳልሆኑ የተለየላቸው ያን ቀን ይመስለኛል። ልጅቷ እስካሁን ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው የምታስረክበው፤ ሆኖም አምስቱንም ደረጃዎች ሞልታ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ቡድኑን እርስዎ አይምሩት። ማርክ የሚሰጥ ሰው በተቀመጠበት ያላለቀ ደብተር የሚያወጣ ተማሪ የለም። እንቅልፍ ያጣ ወይም ራሱን ስለ መጉዳት የሚያወራ ካለም የቡድኑን ቀን ሳይጠብቅ ለብቻው ባለሙያ ይየው። ከእርስዎ የሚጠበቀው ረቂቁን በአታችመንቱ (በሆስፒታል የተግባር ልምምዱ) ሁለተኛ ቀን መቀበልና ለረቂቅነቱ ጥቂት ነጥብ መስጠት ነው።