ለድንበር ተሻጋሪ የሳይበር ወንጀል ሥራ ኮዲንግ ልማር?

ጥያቄ፦ የ4ኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ድንበር ተሻጋሪ የሳይበር ወንጀል ላይ የሚሠራ ዐቃቤ ሕግ መሆን እፈልጋለሁ። ከመመረቄ በፊት ኮዲንግ ብማር ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ ኮዲንጉ ይቆይሽ። ቴክኒኩን የሚሠራ ባለሙያ አጠገብሽ ይኖራል፤ ማስረጃው ሳይጠፋ ማስመጣት ግን ያንቺ ኃላፊነት ነው።

የተጠርጣሪው አካውንት አሜሪካ ባለ ኩባንያ እጅ ነው እንበል። የእኛ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እዚያ በቀጥታ አይፈጸምም። የመልእክቱ ይዘት የሚጠየቀው በፍትሕ ሚኒስቴር በኩል በሚላክ የሕግ ትብብር ጥያቄ ሲሆን፣ መልሱ ብዙ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መረጃው ባለበት እንዲቆይ ማስጠበቂያ ይላካል። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ለምሳሌ ይፋዊ የምርመራ ጥያቄ ሲደርሰው መረጃውን ለ90 ቀን ያቆያል። ማስጠበቂያው የሚታደስበትን ቀን ያልመዘገበ ሰው ዋናው ጥያቄ ሲደርስ መረጃው ተሰርዞ ይጠብቀዋል።

ጥያቄው ራሱ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በአጻጻፍ ነው። የአሜሪካ ዳኛ ይዘት እንዲሰጥ የሚፈቅደው ወንጀሉንና ያንን አካውንት የሚያገናኝ ፍሬ ነገር ሲያይ ነው። “ያለው መረጃ ሁሉ ይላክልን” ብሎ መጻፍ አያስኬድም፤ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ምን ዓይነት መረጃ እንደሆነ ይገለጽ።

ሰዓት ላይ በተለይ ተጠንቀቂ። ተበዳዩ “ሐምሌ 5 ቀን 2017 ከሌሊቱ 8 ሰዓት” ቢልሽ፣ ለ5 አጥቢያ ነው ወይስ ለ6 አጥቢያ? ለ6 አጥቢያ ከሆነ በአውሮፓውያን ጁላይ 13 ቀን 2025፣ 02፡00 ነው፤ በዩቲሲ (ከእኛ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ መለኪያ ሰዓት) ግን ገና ጁላይ 12፣ 23፡00። የሞባይል ኔትወርክ አንድን አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ ግንኙነቱን የሚለየውን ቁጥር) በአንድ ጊዜ ለብዙ ደንበኞች ስለሚያጋራ፣ ከአይፒው ጋር የፖርት ቁጥሩ (አይፒውን ከሚጋሩት መካከል የአንዱን ግንኙነት የሚለየው) እና ሰዓቱ እስከ ሰከንዱ ያስፈልጋሉ። እዚህ ላይ መሳሳት ምንም ያላጠፋ ሰው ቤት ፖሊስ ሊያስልክ ይችላል።

ከንባብ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ከ2001 እ.ኤ.አ. የቡዳፔስት ዓለም አቀፍ የሳይበር ወንጀል ስምምነት ጋር አንቀጽ በአንቀጽ አስተያዪ። ድርጊቱ በሁለቱም አገር ወንጀል ካልሆነ ተጠርጣሪን አሳልፎ መስጠት ይከብዳልና። በ2000 እ.ኤ.አ. ከማኒላ የተነሣው የአይ ላቭ ዩ ቫይረስ ተጠርጣሪ ነፃ የወጣው ፊሊፒንስ ያኔ ለድርጊቱ የሚሆን ሕግ ስላልነበራት ነው። በታኅሣሥ 2017 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀውን አዲሱን የሳይበር ወንጀል ስምምነትም ጨምሪ፤ በሥራ ላይ የሚውለው 40 አገሮች ሲያጸድቁት ነው።

ከዚያ አንድ የምናብ መዝገብ ይዘሽ የትብብር ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጻፊና የወንጀል ሥነ ሥርዓት መምህርሽ ያርሙልሽ። 5ኛ ዓመት ላይ ኤክስተርንሺፕ ስትመደቢ ደግሞ የዓለም አቀፍ ትብብር ሥራ ወዳለበት ክፍል እንዲልኩሽ ቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ የታረመውን ረቂቅም አያይዢ።