መልስ፦ በሜካኒካል ዲግሪ ኤሌክትሮኒክስ ፓኬጂንግ መማር ይቻላል?

ወንድሜ፣ ጅማ ላይ በሜካኒካል ተመርቀህ ለማስተርስ ኤሌክትሮኒክስ ፓኬጂንግ መግባት ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። በደንብ ትችላለህ! ሜካኒካል መሆንህ እንዲያውም ይጠቅምሃል።

ፓኬጂንግ ሲባል ካርቶን አይደለም። ቺፑን ከቦርዱ ማገናኘት፣ ሙቀቱን ማስወጣት፣ ከእርጥበት መጠበቅ ነው። ጫን ሲሉት የሚሠራ፣ ሲለቁት የሚጠፋ ስልክ ገጥሞህ ያውቃል? ብዙ ጊዜ ከቺፑ ሥር ያለው ብየዳ ተሰንጥቆ ነው። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ቺፑ የተሠራበት ሲሊከን ከርዝመቱ ከሚሊዮን 2.6 እጅ ገደማ ይለጠጣል። የተለመደው ቦርድ ግን ከ14 እስከ 17 ይደርሳል። በሞቀና በበረደ ቁጥር ሁለቱ ይጓተታሉ፣ መሃል ላይ የሚጎዳው ብየዳው ነው። ይሄ እኮ አንተ የተማርከው ስትሬስ (በቁስ ውስጥ የሚፈጠር ጫና) እና የሙቀት ዝውውር ነው!

የሚቀርህ ማቴሪያል ሳይንስና ትንሽ ሰርኪት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ጆርጂያ ቴክና ቢንግሃምተን የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ምርምር ይታወቃሉ። ዲግሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በሜካኒካል ወይም በኤሌክትሪካል ስም ነው። ስለዚህ የፕሮግራሙን ስም ትተህ በዚህ የሚመራመር አማካሪ ፕሮፌሰር ያለበትን ላብራቶሪ ፈልግ።

እስከዚያው ከሞባይል ጠጋኝ አንድ የሞተ ቦርድ ለምነህ ውሰድ። ቆርጠህ፣ የተቆረጠውን ፊት አለስልሰህ፣ ብየዳውን በማይክሮስኮፕ እየው። ለፕሮፌሰሩ ስትጽፍ ፎቶውን አያይዝለት።