ቢጫ ስለሆነ ብለሽ አትድፊው

እህቴ፣ ቆይ አትድፊው። መስኮት አጠገብ ጥቁር አረንጓዴ የነበረው የአልጌ ውሃሽ፣ ግቢ ፀሐይ ላይ ባወጣሽው በ4ኛው ቀን ቢጫ ሲሆን «ሞተ እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ለቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች አረንጓዴ ውሃ ማብቀል ስጀምር ይኸው ገጥሞኛል። 6 ሃይላንድ ሙሉ ደፋሁ። አንዱን ብቻ አጥር ጥግ ጥላ ውስጥ ረሳሁት። ከሳምንት በኋላ ሳየው እንደ ጎመን ለምልሟል። የደፋሁት ሁሉ እስካሁን ይቆጨኛል።

አልጌ፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን ፍጥረት፣ ብርሃን የሚይዘው ክሎሮፊል በሚባል አረንጓዴ ቀለም ነው። ጥላ ውስጥ ብርሃኑ ስለሚያንሰው ክሎሮፊሉን ያበዛል፤ ያ ጥቁር አረንጓዴ እሱ ነው። ድንገት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ከሚጠቀምበት በላይ ብርሃን ይይዛል፤ ትርፉም ሴሉን ይጎዳል። ስለዚህ በቀናት ውስጥ ክሎሮፊሉን ይቀንሳል፣ ቢጫዎቹ ቀለሞች ይጎላሉ። አንቺ ያየሽው ይህንን ይመስለኛል።

እስከዚያው ግን ዝም ብሎ አይቃጠልም። በደቂቃዎች ውስጥ ትርፉን ብርሃን ወደ ሙቀት ቀይሮ ያስወጣዋል። አረንጓዴ አልጌዎች ለዚህ ቫዮላዛንቲን የሚባለውን ቀለም ወደ ዚያዛንቲን ይለውጣሉ፤ ብርሃኑ ሲቀንስ ይመልሱታል። እንዲያም ሆኖ ብርሃን የሚሰብረው ዲ-ዋን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሴሉ የተሰበረውን አውጥቶ አዲስ ይተካል። ጥገናው ስብራቱን መከተል ሲያቅተው ነው አልጌው በእውነት የሚጎዳው። ከጥላ በአንዴ ቀትር ፀሐይ ላይ ማውጣት አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

እስቲ ጣናን አስቢው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ አፈር ተሸክመው ሲገቡ ውሃው ይደፈርሳል፤ ብርሃን ብዙም ወደ ታች አይወርድም። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ውሃውን ከላይ እታች ያማስለዋል። አንዷ ሴል አሁን ጨለማ ውስጥ ናት፣ ትንሽ ቆይታ ፀሐይ ፊት ለፊት። በዚህ የኖረ ፍጥረት ጊዜ ከሰጠሽው ያንቺንም ግቢ ይለምዳል።

ዳር ዳሩን እንደ አረንጓዴ ቀለም የሚንሳፈፈው ማይክሮሲስቲስ የሚባል ጥቃቅን ፍጥረት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። በውስጡ አየር የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ቀን ብርሃን ጠግቦ ምግብ ሲያከማች ይከብድና ይሰምጣል፤ ያከማቸውን ሲጨርስ ቀልሎ ይወጣል። እሱን ግን ለዓሣሽ እንዳትቀጂ፣ መርዝ ሊኖረው ይችላል።

አሁን ውሃሽን ሁለት ቦታ ክፈይው። አንዱን ጥላ ውስጥ አስቀምጪ። በጥቂት ቀናት አረንጓዴ ከሆነ ጉዳዩ ብርሃን ነበር። ጥላ ውስጥም ቢጫ ሆኖ ከቀረ ናይትሮጅን አንሶት ሊሆን ይችላል፤ በጣም ትንሽ ዩሪያ በውሃ በጥብጠሽ ጨምሪበት። ታች ዘቅጦ፣ ነጥቶ፣ ከሸተተ ግን እሱ ሞቷል፣ ድፊው።

ሌላ ጊዜ ስታወጪ መጀመሪያ ስስ ነጠላ አልብሺው። እኔ ለ3 ቀን ያህል ጠዋት አውጥቼ 4 ሰዓት ላይ ወደ ጥላ እመልሰዋለሁ፣ ከዚያ ሰዓቱን እጨምራለሁ። ክዳኑንም ላላ አድርጊው። ሃይላንድ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይግላልና ተጠንቀቂ፣ ሙቀቱ ብቻውን ሊገድለው ይችላል። የጥላውን ግማሽ በየጠዋቱ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልን፣ አብረን እንየው።